ጅብ የመረጠው ውሻ

እ.ኤ.አ. በ1884 መስከረም ወር ፊላደልፊያ ላይ የተሰበሰቡ ውሻ አርቢዎች የአሜሪካን የውሻ ክበብ መሠረቱ። የለንደኑ ክበብ ከተቋቋመ ያኔ 11 ዓመት ሆኖት ነበር። የሁለቱም ሥራ አንድ ዓይነት ነው፤ የእያንዳንዱን ዘር መልክ፣ ቁመትና ጠባይ በጽሑፍ ይወስናሉ፣ ማን ከማን እንደተወለደ መዝገብ ይይዛሉ፣ ውድድር ያዘጋጃሉ። አብዛኛውን ሥራ የሚሸከሙትም ደመወዝ የማይከፈላቸው አባላት ናቸው። በዚያው በ1884 በአገራችን ውሻ በታሪክ የተመዘገበው ግን በመቅሠፍት ስም ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ትግራይን፣ በጌምድርን፣ ጎጃምንና ወሎን መታ። እዚህ የማነሣቸው ጋይንት፣ ስማዳና እስቴም የበጌምድር አገሮች ናቸው። ከጉና ተራራ ትከሻ ተነሥተው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ፤ ላይኛው ደጋ ገብስና በግ፣ ታችኛው ቆላ ማሽላና ፍየል ይበዛበታል። በእነዚህ አገሮች የውሻ ዘር ክበብ ቆሞ አያውቅም። ይህን የሚያይ ሰው ሁለት ፍርድ ሊሰጥ ይችላል፤ ወይ ሕዝቡ ስለ ውሻ ግድ የለውም ይላል፣ ወይ ክበብ የቅንጦት ነገር ስለሆነ ባይኖር ምን ይጎዳል ይላል። ሁለቱም ልክ አይመስሉኝም። የክበብን ሥራ በሦስት ብንከፍለው፣ ዘሩን መምረጥ፣ ባለቤቱን ማወቅና ጤናውን መጠበቅ ነው። የፊተኞቹን ሁለቱን የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ በራሱ ልማድ ሲሠራቸው ኖሯል። ሦስተኛውን ማንም አልሠራውም። ውሻው ይጠብቃል እንጂ አይጠበቅም፤ የዚህ ዕዳ ደግሞ በሰው፣ በከብትና በጉና ቀይ ቀበሮ ላይ ወድቋል።

ዘር መምረጡን እንይ። የደጋው ውሻ ወጥ መልክ የለውም፤ ቡላ አለ፣ ጥቁር አለ፣ ዳልቻ አለ፣ ዝንጉርጉር አለ። ወጥ የሆነው ሥራው ነው። ሌሊት ከበረቱ አፍ ተኝቶ ጅብ ሲመጣ መጮህ፣ ቀን ከእረኛው ጋር ወጥቶ ቀበሮን ከጠቦት ማራቅ፣ እንግዳ ሲመጣ ቤተሰቡን መቀስቀስ። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 እና በ1771 ጎንደር በተቀመጠበት ጊዜ ጅብ ከምሽት እስከ ንጋት የከተማውን መንገድ ሞልቶት ያድር እንደነበር ጽፏል። በነገሥታቱ ከተማ እንዲህ ከሆነ፣ አጥሩ የእሾህ ክምር በሆነው የገጠር ቤት የነበረውን መገመት አይከብድም። እንዲህ ባለ አገር የማይጮህ ውሻ በጎችን ያስበላል፣ እልፍ ብሎ ርቆ የሚያሳድድ ራሱ ይበላል። የቀረው ከቤቱ ሳይርቅ የሚጮኸው፣ በቁራሽና በአጥንት የሚኖረው፣ የሚጠራጠረውና ብርድ የሚችለው ነው። መራጩ ጅብ ነው ማለት ይቻላል። የሰውም እጅ አለበት፤ ገበሬው ቡችላ ሲወስድ ወንዱን ይመርጣል፣ ሴቷ ብዙ ጊዜ ትጣላለች፣ እናቲቱ ኃይለኛ ናት ከተባለ ደግሞ ገና ሳትወልድ ጎረቤት ቡችላ ያስይዛል። ይህ በወረቀት ያልተጻፈ ቢሆንም መመዘኛ ነው።

በወረቀት የተጻፈው መመዘኛ ሁልጊዜ ከዚህ ይሻላል ብሎ የሚያምን ሰው እዚሁ አፍሪካ የሆነውን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1922 ፍራንሲስ ባርንስ የተባለ ነጭ ሰፋሪ ቡላዋዮ ላይ አርቢዎችን ሰብስቦ በጀርባው ላይ ጠጉሩ ወደ ፊት ለተገለበጠው የአደን ውሻ ክበብ አቋቋመ። መመዘኛውን ሲጽፉ የዳልሜሽያንን ተውሰው ነው። ያ የተገለበጠ ጠጉር የዘሩ ምልክት ሆነ፤ ምልክቱ ከሌላቸው ቡችሎች ብዙዎቹ ይገደሉ ነበር። በኋላ የዘረመል ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት ግን ያንኑ ምልክት የሚያመጣው ውርስ በቆዳ ሥር የሚፈጠር የአፈጣጠር እንከን ያስከትላል። ጤነኛው እየተገደለ በሽታ ያለበት ይራባ ነበር ማለት ነው። ከዚህ የተማሩ ሰዎች በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 አፍሪካኒስ የተባለውን የገጠር ውሻ የሚጠብቅ ማኅበር ሲያቋቁሙ መልክን ትተው አኗኗርን መዘኑ። ውሻው ከመንደሩ ኑሮ ጋር ተስማምቶ፣ ሕመም ችሎ፣ በጥቂት ምግብ መኖሩን ነው ያከበሩት። የጋይንት ውሻ የሚመስለው ይህንን ነው። ወደፊት የኢትዮጵያን ውሻ ዘር የሚመዘግብ ብሔራዊ ክበብ ቢቋቋም፣ የመጀመሪያው አደጋ ጅብ በብዙ መቶ ዓመታት የሠራውን በአሥር ዓመት ማበላሸት ነው።

ስለ ስምና ስለ ዘር ሐረግ ከተነሣ አንድ ነገር ሳይጠቀስ ማለፍ አይገባም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የሄዱት በጋይንት በኩል ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ከወደቀች በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ዙላ የተባለች ድመት ወደ እንግሊዝ እንደሄደች ይነገራል። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በእንግሊዝ አገር የድመት ውድድር ላይ ‹‹የአቢሲኒያ ድመት›› የሚባል ዘር ቀረበ፤ ዛሬም በዓለም ከታወቁት የድመት ዘሮች አንዱ ነው። የዘመናችን የዘረመል ምርመራ የዚህን ድመት ሥር የሚያገኘው በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና በእስያ በኩል ነው። የእኛ ስም በማናውቀው ድመት መዝገብ ላይ ሲቀመጥ፣ በቴዎድሮስ መንገድ ዳር ሲጮህ ያደረው ውሻ ስም የሚሰጠው አላገኘም። ከአገራችን ውሾች ስማቸው በሕዝብ አፍ የቀረው ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነሱም ዋናዋ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሿ ሉሉ ናት፤ እሷም የውጭ ዘር ናት፣ ያደገችውም በቤተ መንግሥት ነው።

ሁለተኛው ሥራ ባለቤትን ማወቅ ነው። ክበብ ይህን በቁጥርና በወረቀት ይሠራል። በመንደሩ ግን የማን ውሻ እንደሆነ የማያውቅ ልጅ የለም። የውሻ ጥፋት ሲመጣ፣ በግ ሲበላ ወይም ሰው ሲነክስ፣ ነገሩ በሽማግሌ ፊት የሚታየው በባለቤቱ ስም ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ሲል ለዚህ ሕዝብ አዲስ ነገር አልነገረውም። ይህን ማለቴ ልማዱን ለማሞገስ አይደለም። ‹‹ባለቤት የሌለው ውሻ ስለበዛ ነው›› የሚባለው ማብራሪያ ለከተማ እንጂ ለጋይንት አይበቃም ለማለት ነው። በደጋው መንደር የሚንከራተት የሚመስለው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ቤት አለው፤ የሚፈታው ባለቤቱ ነው፣ የሚያበላው ባለቤቱ ነው፣ ሲጠሩት የሚመጣውም ወደ ባለቤቱ ነው። የጎደለው ባለቤትነት ሳይሆን ባለቤቱ ለውሻው ሊያደርግለት የሚችለው ነገር ነው።

እዚህ ላይ ሦስተኛው ሥራ ይመጣል። እብድ ውሻ የለከፈው ሰው ምን እንደሚደርስበት ሕዝቡ ሐኪም ሳይነግረው ያውቅ ነበር። የመድኃኒት መጻሕፍቶቻችን ለእብድ ውሻ ልክፍት የሚሆኑ ቅመማዎችን ጽፈዋል፤ ባለመድኃኒቶችም እንዶድንና ብሳናን ከሌሎች ሥራ ሥሮች ጋር ይሰጣሉ፤ ብዙ ሰው ደግሞ ጠበል ይሄዳል። በጌምድር በመቅሠፍቱ በተመታች በዓመቱ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1885 (እ.ኤ.አ.)፣ ሉዊ ፓስተር ፓሪስ ላይ የተለከፈ ልጅ ከትቦ አዳነ። መድኃኒቱ ተገኘ፤ መንገዱ ግን ረዥም ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ክትባቱ መሠራት ሲጀምር ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ነበር፤ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ ነበር። ክትባቱ የተሠራበት ሰፈር ዛሬም ‹‹ፓስተር›› ይባላል። ለስማዳ ገበሬ ግን ልጁን ይዞ ከተማ ድረስ መውጣትና እዚያ መሰንበት የአንድ ክረምት እርሻ ማጣት ሊሆን ይችላል፤ ባለመድኃኒቱ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። ስለዚህ ገበሬው ወደ ባለመድኃኒቱ መሄዱን አለማወቅ ብሎ መጥራት ይከብደኛል፤ ካለው ምርጫ የቀረበውን ወሰደ። ውጤቱን ከጎረቤት ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ጎንደር ዞን በዓመት ከ100,000 ሰው 2.33 ያህሉ በዚህ በሽታ እንደሚያዝ አስልቷል፤ ፈረስ፣ በቅሎና አህያ፣ ላምና በሬ፣ ፍየልም ከሟቾቹ መካከል አሉ። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፤ በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞተው ሰው 99 በመቶ ያህሉ ደግሞ በሽታው የተላለፈበት ከውሻ ነው። ‹‹ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል›› ይባላል፤ በዚህ ነገር ውሻው የቀደደው አጥር የገዛ ጤናው ነው።

በዚያው ቀዳዳ የገባው ሞት ሰው ላይ ብቻ አልቆመም። ከ4,100 ሜትር በላይ የሚወጣው ጉና፣ ርብንና ጉማራን ወደ ጣና የሚልከው፣ ጅብራ የሚቆምበትና ጓሳ የሚለብሰው ተራራ፣ የቀይ ቀበሮ ቤት ነበር። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ከስሜን ያገኘውን ይህን አውሬ እ.ኤ.አ. በ1840 ለሳይንስ ባስተዋወቀው ጊዜ ስሜንን በስሙ ላይ ተከለበት። ዘመዱ ከአውሮፓና ከእስያ ተኩላ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ ከፍታዎች የመጣው በበረዶው ዘመን፣ ከ100,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ይገመታል። የቤት ውሻ የሩቅ ወንድሙ ነው ማለት ነው፤ በሽታውም ይጋባዋል። ምግቡ የደጋ አይጥና ፍልፈል ስለሆነ ለገበሬው ብዙ ጉዳት የለውም፤ ሆኖም ‹‹ቀበሮ›› የሚለው ስም ጠቦት ከሚነጥቀው ተራ ቀበሮ ጋር ስለሚያጋራው የእሱንም ኃጢአት ሲሸከም ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ግምገማ ጉና ቀይ ቀበሮ ከጠፋባቸው ተራሮች ጋር ተቆጥሯል። ዛሬ በመላው ዓለም፣ ማለትም በኢትዮጵያ፣ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ናቸው።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ጉናን የበላው ማረሻ ነው እንጂ ውሻ አይደለም፤ ገብሱና ድንቹ ወደ ላይ እየወጡ ጓሳውን ካጠበቡት፣ በጉ የቀረውን ሣር ካጨደው፣ ቀበሮው ክትባት ቢኖርም ባይኖርም ይሄድ ነበር የሚል። የመሬቱ ነገር እውነት ነው፣ ክርክሩንም ሳላቃልለው እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ማረሻና በሽታ በአንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ባሌ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ ቀጥሎም በ2003፣ ከቤት ውሻ የተነሣ የእብድ ውሻ በሽታ በወብ ሸለቆ ገብቶ ከዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ወደ ሦስት አራተኛ የሚሆኑትን ጨረሰ። ባሌ ሰፊ ስለሆነ ከሌላው ሸለቆ የመጡት ቦታውን ሞሉት። ጉና ግን በእርሻ የተከበበ ደሴት ነበር፤ አንድ ቤተሰብ ቢሞት የሚተካው ከየት ይመጣል? ማረሻው ተራራውን ደሴት አደረገው። ደሴት ላይ ያለ ትንሽ መንጋ ከየመንደሩ ከሚወጣ ያልተከተበ ውሻ ጋር አንድ ተዳፋት ሲጋራ፣ ባሌ የቻለውን መከራ ሊችል አይችልም። መሬቱን ማስመለስ የትውልድ ሥራ ነው፤ ውሻ መክተብ ግን የአንድ ማለዳ ሥራ ነበር። ያልተሠራው የቀለለው ነው።

ሌላው ተቃውሞ የቆየውና የጨከነው ነው፦ ውሻውን ግደሉት። ከተሞቻችን በስትሪክኒን መርዝ ውሻ ሲጨርሱ ኖረዋል። በመርዝ የጸዳ ሰፈር ግን ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ ከሌላ ቦታ ያልተከተበ ውሻ ይገባበታል፣ የተከተበ ከነበረም አብሮ ሞቷል። በጋይንት ደግሞ መግደል ማለት በረቱን ለጅብ ከፍቶ መስጠት ነው፤ ገበሬው በመጀመሪያው ወር ሌላ ቡችላ ያመጣል። ዓለም የተስማማበት ልክ ከ100 ውሻ 70ውን በየጊዜው መክተብ ነው፤ በዚያ መጠን በሽታው የሚተላለፍበት ያጣል።

ይህስ በዚህ ገደል አገር ይሆናል ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ከራሳችን ታሪክ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1888 ከምፅዋ በገባ ከብት የመጣው የደስታ በሽታ በሬውን ጨርሶ ክፉ ቀን የተባለውን ረሃብ አመጣ። ያን በሽታ ለማጥፋት ከታቢዎች የበረዶ ዕቃ ተሸክመው በበጌምድርና በሌሎች አገሮች ገደል ለገደል ወርደዋል። ኢትዮጵያ ከደስታ በሽታ ነፃ መሆኗ እ.ኤ.አ. በ2008 ታወጀ፤ ዓለም በሙሉ ደግሞ በ2011፣ ያው የጉና ቀበሮ በጠፉት መዝገብ በገባበት ዓመት። ለበሬ የተወረደ ገደል ለውሻ የማይወረድበት ምክንያት መንገድ አይደለም፤ ዋጋ ነው። በሬ ሀብት ነው፣ ውሻ ግን ስድብ ነው። ‹‹ርኩስ እንስሳ ነው›› የሚለውም ከዚህ ይመጣል። ውሻ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ መከልከሉ ሌላ ነገር ነው፤ በወንጌል የድሀውን የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ውሾች መሆናቸውን የሚያውቅ ሕዝብ ውሻ መክተብን እንደ ነውር የሚያይበት ምክንያት የለውም።

የበጎ ፈቃድ ማኅበር የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ አብነቱም አገር ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በባሌ የሚሠራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ የመንደር ውሾችን በነፃ ይከትባል፤ በየመንደሩም የቀበሮ አምባሳደሮች የሚባሉ ሰዎች አሉት፣ ወሬ ያደርሳሉ፣ ጎረቤቶቻቸውን ያሰባስባሉ። ይህ ሁሉ ሲሠራ በሽታው እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2014 እንደገና መመለሱን ተቃዋሚው ያነሣል፣ ማንሣቱም ልክ ነው። ከብት ተከትሎ ከሩቅ የሚመጣ ውሻ የመንደሩን ክትባት ያልፈዋል። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለቀበሮዎቹም በሥጋ ውስጥ የሚቀመጥ ክትባት መሰጠት የተጀመረው። መማር ያለብን ክትባት ከንቱ መሆኑን ሳይሆን፣ ውሻ ድንበር ስለማያውቅ ሥራው ከአንድ ተራራ በላይ መስፋት እንዳለበት ነው። ውሻ ወዳድ ሰዎች ብሔራዊ ማኅበር ይኑረን ሲሉ ልባቸው ወደ ውድድርና ወደ ዘር መዝገብ ቢያዘነብል፣ ‹‹ብሔራዊ›› የሚለው ቃል ትርጉም የሚያገኘው በዚህ ነገር መሆኑን ልነግራቸው እወዳለሁ።

ማኅበር ማለት ደግሞ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። መንዝ ውስጥ የጓሳን ሣር ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት፣ በራሱ በመረጣቸው አለቆች፣ ሲጠብቀው ኖሯል፤ በመሬት አዋጁ ዘመን ቢፈርስም ቀይ ቀበሮው ዛሬ ድረስ እዚያ አለ። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ዕድር፣ ሰንበቴ፣ ወንፈልና ጽዋ አላቸው። ዕድሩ ማን ስንት ውሻ እንዳለው ያውቃል። በሰንበቴ ቀን የተነገረ ቀጠሮ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጥ ይሰማል። አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት ይገባል፦ የደጋው ውሻ ባለሙያ አይቀርበውም፤ የሚቀርበው ቁራሹን የሚሰጠው ልጅ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያው መርፌ ይዞ ቆሞ፣ ውሻውን አንገቱን አቅፎ የሚይዘው የዘጠኝና የዐሥር ዓመት እረኛ ነው። ስለዚህ የክትባቱ ቀን ልጆቹ በጎቹን ከማውጣታቸው በፊት መሆን አለበት፣ ማኅበሩም ከአባላቱ ሁሉ አስቀድሞ እነሱን መቁጠር አለበት። ሴት ቡችሎች እንዳይጣሉ፣ የበዛውም በማምከን እንዲገታ ማስተማር ያለበት ለእነሱ ነው።

ጉና ቀበሮውን ስላጣ ነገሩ አልቋል የሚል ካለ ወደ ምሥራቅ ይመልከት። ከስማዳ ማዶ፣ በሽሎን ተሻግሮ፣ በቦረና ሳይንት ከፍታ ላይ ቀይ ቀበሮ አሁንም አለ፤ በስተ ሰሜን ምሥራቅም በአቡነ ዮሴፍ አለ። ከነፋስ መውጫ በጨጨሆ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ፣ ሰዉ ‹‹ቻይና መንገድ›› የሚለው፣ በገበያ ቀን በግ ነጂ ይሞላዋል፤ ወደ በሽሎ የሚወርደውም የእግር መንገድ እንዲሁ። ከነጂው ኋላ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ ማንም ሳይጠራው የሚከተል ውሻ አለ።